የቲቸር አገጭ

አንገቷ የተያዘው ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ከትከሻዋ እስከ ጆሮ ግንዷ አንድ ነገር ጨምድዶ ያዛት። አንገቷ ወደ ቀኝ አልዞር፣ ወደ ግራ አልዞር፣ ወደ ታች አልታጠፍ አለ። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ አያት።

«መሪው ተቆለፈ?» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ቀልድህን ተወኝ።»

«ማርሹስ ይገባል?»

እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ለበሰች። ጫማዋን እሱ ተንበርክኮ አሰረላት። ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ፊት ለፊት «ቲቸር» ናት፤ ከጀርባዋ «እትዬ ኤስ»። ጠጉሯ እስኪሸብት ያስተማረችው እንግሊዝኛ ነው፤ ከእንግሊዝኛም ሰባተኛ ክፍልን፣ ከሰባተኛ ክፍልም በተለይ አንዲት ፊደል። በእኛ ቋንቋ «ሁለት ልጅ መጣ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ቁጥሩ ከተጠራ ስሙ ባይበዛም የሚጣላህ የለም። ቅጽሉ ግን ሲያሻው ይለጠጣል። ረጅሙ ረጃጅም፣ ትልቁ ትልልቅ፣ ጥቁሩ ጥቋቁር ይሆናል። እንግሊዝኛ ይህን ገልብጦታል። ስሙ ላይ «ስ» ካልጨመርክለት ያኮርፋል፤ ቅጽሉ ላይ ከጨመርክበት ይስቅብሃል።

ሳቁን እሷም ቀምሳዋለች። አዲስ አስተማሪ ሳለች አንድ ስልጠና ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ቱ ሎንግስ ፔንስል» አለች። አሰልጣኙ እንዳልሰማ ሆኖ እንድትደግመው ጠየቃት። ደገመችው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ አባቷ ያለቀ ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ካየ ሌሊቱን የማይተኛ ሰው ነበር። እሷም ያቺን «ስ» እንደዚያ ክር ይዛት ቀረች። ተማሪ ሲስት ደሟ ይፈላል። ሲያገኘው ፊቷ ይበራል። ክፍሏ በዚህ የታወቀ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዳይሬክተሩ የሚያስጎበኘው የእሷን ሰባተኛ ክፍል ነው።

ዳይሬክተሩ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮው ጠርቷት ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ ነበር የነገራት።

«እትዬ፣ ዘንድሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሁሉ ይመዘናል። የሚመዘነው በተማሪው ነው። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ነው የሚጠይቃቸው።»

«ይጠይቃ።»

«ክፍሉ የወደቀበት ከማስተማር ይነሳል። ታውቂያለሽ» ብሎ ደንገጥ አለና «ያውቃሉ፣ የመጻሕፍት መጋዘኑ ሰው የለውም። ቁልፉ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።»

መጋዘኑን ታውቀዋለች። አንድ ከፍ ያለ መስኮት፣ እስከ ጣሪያ የተከመረ አሮጌ መጽሐፍ፣ የአይጥ ሽታ። እዚያ የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ነው የሚውለው። ያኔ ግን አልፈራችም። ሰባተኛ ክፍሏን ታምነዋለች።

አንገቷ የተያዘ ቀን ክፍል ገብታ ሁለት እርሳስ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ሁለት ረጃጅም እርሳሶች!»

«ቱ ሎንግ…» አለ ክፍሉ። ቃሉን እንደ ወትሮው እየጎተተ። ይህ ጉተታ የክፍሏ መለያ ነው፤ እንግዶች «እንዴት ያለ ንባብ ነው!» እያሉ ያደንቁታል።

ግን ጉተታው አላልቅ አለ። ዓይኖች ሁሉ ፊቷ ላይ ተሰክተዋል። ከዚያ ከመሃል አንዱ «ሎንግስ» አለ። ሌላው «ሎንግ» አለ። «ፔንስል!» «ፔንስልስ!» «ሎንግስ ፔንስልስ!» ክፍሉ ገበያ ሆነ።

በኩባያ ሞከረች፤ ጥቋቁር ኩባያዎች። ያው ነው። በወንበር ሞከረች። ባሰ።

«ምን ነካችሁ?» ብላ ጮኸች። «እስከ ትናንት ውሃ አልነበራችሁም እንዴ? ቅጽል ንቅንቅ አይልም አላልኳችሁም? እንደ አንገቴ ነው! ተይዟል! አይዞርም! የሚንቀሳቀሰው ስሙ ነው!»

የክፍሉ አለቃ ተነሳች። የመጀመሪያው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ እጇን ቀድማ የምታወጣ፣ ደብተሯ ላይ ስርዝ የሌለባት ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ዛሬ አገጭዎ አይንቀሳቀስም።»

«ምኔ?»

«አገጭዎ። ቅጽል ሲሆን ወደ ላይ ይላል፤ ያኔ ‹ስ› አንልም። ስም ሲሆን ወደ ታች ነቅነቅ ይላል፤ ያኔ እንላለን።»

ክው አለች።

«ማነው እንዲህ ያላችሁ?»

«ሁሉም ያውቃል» አለች አለቃዋ፣ ግራ ገብቷት። ሰማይ ሰማያዊ ነው ብላ የምትናገር ነበር የምትመስለው። «ለእኔ ታላቅ ወንድሜ ነው የነገረኝ። እሱንም እርስዎ ነዎት ያስተማሩት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።»

ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው አልቻለችም፤ አንገቷ አይታጠፍም። ከፊት የተቀመጠው ልጅ አንስቶ ሰጣት። ጉተታው ገባት። ልጆቹ ቃሉን የሚጎትቱት አገጯን እየጠበቁ ነበር።

ደወሉ ሲደወል ኮሪደሩ ላይ ዳይሬክተሩ አገኛት።

«እትዬ፣ ነገ እንደ ሁልጊዜው ነው አይደል?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው።»

«አንገትዎን ምን ነካዎት?»

«ብርድ።»

ማታ ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ አንገቷን በቅባት ያሻት ጀመር። እጁ የሹፌር እጅ ነው፣ ሻካራ። ነገረችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ሰማት፤ ይህ በትዳራቸው ያልተለመደ ነገር ነው።

«እና ነገ ቢለቅሽ ነው የሚሻልሽ ቢይዝሽ?» አላት።

«ቢለቀኝ ልጆቹ ይመልሳሉ። መጋዘን አልገባም።»

«ቢይዝሽስ?»

«ቢይዘኝማ ጉዴ ነው።»

«እኔ» አለ፣ አውራ ጣቱን ትከሻዋ ላይ እየተከለ፣ «ረዳቴ በሩን ሁለቴ ካልመታ አልነሳም ነበር። አንድ ጠዋት አዲስ ረዳት ሰጡኝ። በሩን መምታት አያውቅም። ፌርማታው ላይ ሞተር አስነስቼ ቁጭ። መንገዱ ነጻ ነው፣ በሩ ተዘግቷል፣ ተሳፋሪው ይሰድበኛል፣ እኔ ቁጭ! አንዲት አሮጊት መጥታ ‹ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?› አለችኝ።»

«እኔ ምን ልሁን ነው የምልህ፤ አንተ አውቶቡስ ታወራልኛለህ!»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለና ቅባቱን ከደነው።

ጠዋት ስትነሳ አንገቷ ለቋታል። መስታወቱ ፊት ቆማ አገጯን ወደ ላይ አለች። ወደ ታች አለች። እንደ ቅቤ ነው። ባሏ ከኋላዋ መስታወቱ ውስጥ አያት።

ሱፐርቫይዘሩ አጭር፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጫማው አቧራ የጠጣ ሰው ነው። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ከግቢው የለቀማቸውን እንጨቶችና ድንጋዮች ከጎኑ ደረደረ። ለእሷ በሩ አጠገብ፣ ከሰሌዳው ጎን፣ ወንበር አሳያት።

«መምህርት፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ። ዛሬ የእኔ ተራ ነው።»

ተቀመጠች። ክፍሉ ሁሉ ያያታል። ዳይሬክተሩ መስኮቱ ጋ ቆሞ እጆቹን ያፋትጋል።

ሰውዬው ሁለት እንጨት አነሳ። «ሁለት ረጃጅም ዱላዎች።»

«ቱ ሎንግ…»

ዓይኖቹ ሁሉ በሰውዬው ትከሻ ላይ አልፈው መጡባት። እስከ ትናንት ድረስ ሳታውቀው ነበር የምታደርገው። ዛሬ ግን እያወቀች፣ አስባበት፣ አገጯን ወደ ላይ ሰቀለች።

«…ስቲክ…»

አገጯን ጣለች።

«…ስ!»

እንደ ኅብረት ዝማሬ አንድ ላይ ወጣ። ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። ሰውዬው የእሷን ኩባያዎች አነሳ፤ ልጆቹ ጥቋቁሩንም አሳምረው መለሱ። ትንንሽ ድንጋዮች አነሳ፤ መለሱ። እጇን ጭኗ ላይ ጨብጣ መተንፈስ ጀመረች። መጋዘኑ እየራቀ ሄደ።

«በጣም ጥሩ» አለ ሰውዬው። «አንቺ ልጅ፣ ከፊት ያለሽው። ‹ሎንግስ› ያላላችሁት ለምንድን ነው?»

አለቃዋ ተነሳች። አፏን ከፈተች። በሰውዬው ትከሻ ላይ ወደ በሩ አየች።

አገጭ «አዎ» ማለት ይችላል፤ «አይ» ማለት ይችላል። «ለምን» ለሚል ጥያቄ ግን የሚሆን አገጭ የለም። ቲቸር አንገቷ እንደገና የተያዘ መሰላት። ልጅቷ ጠበቀች።

ሰውዬው ቀስ ብሎ ዞረ። የልጅቷን ዓይን ተከትሎ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ የአስተማሪዋ ፊት ላይ ደረሰ። እዚያ ቆየ። ዳይሬክተሩ ማፋተጉን አቆመ።

«መምህርት» አለ ሰውዬው፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ «ወንበርዎን ወደ ኋላ ይውሰዱልኝ።»

ወንበሩን አንስታ በዴስኮቹ መሃል አለፈች። መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ልጆቹ «ድንግዝ» ከሚሏት ልጅ አጠገብ ተቀመጠች። ይህችን ልጅ ወደ ኋላ የወሰደቻት እሷ ራሷ ናት። ክፍሉ አብሮ ሲመልስ ልጅቷ ሁልጊዜ ትዘገያለች፤ ዜማውን ታበላሻለች። ዓይኗን አጨንቁራ ነው የምትቀመጠው። ቲቸር እንቅልፍ ነው ብላ ነበር።

«እስቲ ሌላ ሰው» አለ ሰውዬው። «ለምን?»

አንገቶች ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ወደ እሷ።

«ወደ ፊት!» አለች። ድምፏ ተሰነጠቀ። «እኔን አትዩኝ። ወደ ፊት ዙሩ።»

ይህን ብላ ዓይኗን ጨፍና አገጯን በመዳፏ ያዘች። ማንም የሚያየው ነገር እንዳይኖር አጥብቃ ያዘችው።

አጠገቧ ዴስኩ ሲንቋቋ ሰማች።

«ቅጽሉ አንገቱ ተይዟል» አለች ድንግዝ።

ክፍሉ ሳቀ።

«እንዴት?» አለ ሰውዬው። ሰውዬው አልሳቀም።

«እኛ ጋ ሁለቱም ይዞራሉ። ረጃጅም እንላለን፣ ዱላዎች እንላለን። እነሱ ጋ… ቅጽሉ አንድ ነው፣ አንድ ዱላም ይሁን ሁለት። የሚዞረው ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ… ቱ… ሎንግ… ስቲክስ።» ትንሽ ቆየች። «ግን ዱላዎቹን ሲሉ ሰማሁ እንጂ አላየኋቸውም። ምን እንደያዙ አይታየኝም።»

«አንቺ፣ እዚህ ሆነሽ ሰሌዳው ይታይሻል?» አለቻት ቲቸር በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ገልጣ።

«ነጭ ነገር አያለሁ።»

«እኔ ፊት ስቆምስ?»

«እርስዎን በድምፅዎ ነው የማውቅዎት፣ ቲቸር።»

ከዚያ በኋላ ሰውዬው እያንዳንዱን ልጅ አስነስቶ ጠየቀ። ጥቂቱ አገኘው። ብዙው «ቢግስ» አለ፣ «ብላክስ» አለ፣ አንዱ ቁጥሩ ላይ እንኳ «ስ» ጨመረበት። አለቃዋ ዴስኳ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቲቸር አገጯን ሳትለቅ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ቢሮ ሲገቡ ዳይሬክተሩ በሩን ዘግቶ ፈነዳ።

«አዋረዱን! እንግዳ ባመጣሁ ቁጥር… እኔን እንኳን አታለሉኝ!»

«ራሴንም አታልያለሁ» አለች። «እስከ ትናንት አላወቅሁም። ዛሬ ግን አውቄ ነው ያደረግሁት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መልሶች ይሰርዟቸው።»

ሱፐርቫይዘሩ ቀና ብሎ አያት። «ያችኛዋስ ልጅ? እሷን በደንብ አስተምረዋታል።»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ይጠቅማት ነበር። ዳይሬክተሩም ዝም እንድትል በዓይኑ ለመናት።

«እሷን አላስተማርኳትም» አለች። «ታዘገያለች ብዬ ከኋላ ጣልኳት። አገጬ ስለማይታያት ያልኩትን አዳምጣ ነው የተማረችው።»

ዳይሬክተሩ መሳቢያውን ከፈተ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ አለ።

«ትንሽ ቆይ» አለው ሱፐርቫይዘሩ። ቁልፉን ወደ ዳይሬክተሩ ገፋው። «ክፍሉ ወድቋል። ይህ አይቀየርም። ግን መስማት የሚችሉ ልጆች ናቸው፤ አንዷ አሳይታናለች። የትምህርት ዘመኑ ሳይዘጋ እመለሳለሁ። ያኔ እርስዎ ክፍል ውስጥ አይኖሩም፤ ኮሪደር ነው የሚቆሙት። ያን ቀን ከወደቁ ግን ቁልፉን እኔው ነኝ የማስረክብዎት።»

በማግስቱ ቲቸር ከልጆቹ ጀርባ ቆማ ማስተማር ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቀያሚ ነበሩ። ልጆቹ ዞረው ያያሉ፣ እሷ «ፊትሽን!» «ፊትህን!» ትላለች። አለቃዋ ቁጣዋን ደብተሯ ላይ ትወጣለች፤ ወረቀቱ በስርዝ ጠቆረ። ወላጅ መጥቶ ዳይሬክተሩ ጋ ከሰሰ፤ «ልጃችን ጎበዝ ነበረች፣ ምን አደረጋችኋት?» አለ። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ሰላምታውን አሳጠረ። ክፍሉ አብሮ መመለስ ተከለከለ፤ አንድ ልጅ ይነሳል፣ ይመልሳል፣ ለምን እንደሆነ ይናገራል፣ ይቀመጣል። ጉተታው ቀስ በቀስ ጠፋ። እንግዳ ቢመጣ የሚያደንቀው ነገር አልነበረም።

የድንግዝን እናት አስጠርታ ስለ ዓይኗ ነገረቻት። ልጅቷ መነጽር አድርጋ የመጣች ቀን ከፊት ተቀመጠች። ቲቸር የረሳችውን ጠመኔ ልትወስድ ወደ ሰሌዳው ስታልፍ ልጅቷ አፍጥጣ አየቻት።

«ቲቸር፣ እንዲህ ነዎት እንዴ?»

«እንዴት መስዬሽ ነበር?»

«ረጅም።»

ክፍሉ ተንከተከተ። ቲቸርም ሳቀች፤ ስትስቅ ግን አገጯን በሻርፗ ውስጥ ቀበረችው። ልማድ ሆኖባታል።

ሱፐርቫይዘሩ ቃሉን ጠብቆ መጣ። በሩን ከኋላው ሲዘጋ እሷ ኮሪደሩ ላይ ቀረች፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ጠዋት ባሏ ሊሸኛት እስከ አጥር ወጥቶ በሩን ሁለቴ መትቶላት ነበር። ያኔ ስቃለች።

የሰውዬው ድምፅ ዝግ ያለ ስለሆነ ጥያቄው አይሰማትም። የምትሰማው መልሱን ብቻ ነው። አንዱ ልጅ አገኘው። ሁለተኛው ሳተ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ራሱ አረመው። አንዷ ጨርሶ አቃታት። ሌላው አገኘው። ሂሳብ መያዝ ፈለገች፤ ጠፋባት። ከዚያ የአለቃዋ ድምፅ መጣ።

«ስሪ ብላክ ካፕስ።»

ዝምታ። «ለምን?» እያላት መሆን አለበት። ቲቸር ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረች። በሩ ድፍን ነው፤ ቀዳዳ እንኳ የለውም።

«ምክንያቱም…» አለ የልጅቷ ድምፅ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ «ብላክ ቅጽል ነው። ኩባያዎቹ ሦስት ሆኑ እንጂ ጥቁረቱ ሦስት አልሆነም።»

ይህን እሷ አላስተማረቻትም። ልጅቷ ከራሷ ያወጣችው ነው።

በሩ ተከፈተ። ሱፐርቫይዘሩ ቦርሳውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወጣና ቆሞ አያት። ቲቸር ባዶው ግድግዳ ፊት ቆማ፣ ልጆቹ ሳያዩዋት፣ አገጯን ወደ ላይና ወደ ታች ታደርጋለች።

«ይበቃዎታል፣ መምህርት» አላት። «አይሰማዎትም እንዴ፣ ልጆቹ ያለ እርስዎ ሄደዋል፤ ክፍሉ አልፏል። የመጋዘኑን ቁልፍ ዳይሬክተሩ ለሌላ ሰው ይስጠው።»

አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ገና የቀረ ሰዓት ነበራት።